የመዲና ዳስ አይፈርስም

ልጄ መዲና፣ ኢንተላ ኮ፣ አሰላሙ አለይኪ።

እስክርቢቶውን የያዘችው ጓደኛሽ ዘሀራ ናት፤ ያው የሒሳብ አስተማሪዋ። እኔ ፊደል እንደማልለይ ታውቂያለሽ። ቃሉ የእኔ፣ እጁ የእሷ ነው።

ከተለየሽን ወዲህ ማሽላው አንዴ ታጭዷል፤ የዘንድሮውም ጉልበት ደርሷል። ላሟ ወልዳለች። እናትሽ ደህና ናት፤ አልጋሽን ግን እስካሁን ለማንም አላስነካችም።

የለቅሶሽ ዳስ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ እንደቆመ ነው። ነገሩን ልንገርሽ። በሦስተኛው ቀን ዱዓው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ተማሪዎችሽ አንነሳም አሉ። ማትሪክ ደርሶባቸዋል፤ አንቺ ደግሞ ፊዚክሱን መሀል ላይ ትተሽባቸው ሄደሻል። ዘሀራ እዚያው ተነስታ ካቆምሽበት ቀጠለች። እኔም የእቃ ቤቱን የብረት በር ነቅዬ ሰሌዳ አደረግሁላት። በአንቺ ቦታ የተላከው መምህር ሳይሰነብት ተዛወረ፤ ስለዚህ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ዛሬም እዚሁ ናቸው። ሁሉም አለፉ ብዬ አልዋሽሽም። የወደቁት ግን ደግመው መጥተው ተቀምጠዋል።

መንገደኛው ዳሱን ሲያይ አዲስ ለቅሶ ይመስለዋል። በቀደም አንድ የጨፋ ሮቢት ሰው ጫማውን አውልቆ ገባ። ፋቲሃውን አድርሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዘሀራ ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት ስታስረዳ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ስትጨርስ ፊቱን በእጁ አብሶ አሚን አለ። ሲወጣም፣ «የቁርአኑ ቂርአት ባይገባኝም ልጅቱ ታስረዳለች» አለኝ። ብትኖሪ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ፊዚክስ ምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም፤ አላፍርበትም። የማውቀው አንድ ቀን ውሃ የሞላ ባልዲ በገመድ አስረሽ ከራስሽ በላይ ስታሽከረክሪ ጠብ አለማለቱን ነው። እኔ ስሞክረው ፈርቼ እጄን አዘገየሁ፤ ውሃው አናቴ ላይ ተደፋ። አባዬ፣ ከጀመርክ ወዲያ ማዘግየት የለም አልሽኝ። ያቺን አልረሳኋትም።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጣ ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ሐዘን ከሦስት ቀን አያልፍም፣ ቆሞ የቀረ ዳስ ሌላ ሞት ይጠራል፣ አፍርሰው አለኝ። ሐዘኑንማ በሦስተኛው ቀን አንስቻለሁ፣ ይሄ ትምህርት ነው አልኩት። ሞት የሚጠራም ከሆነ ከሁላችሁ የምቀርበው እኔ ነኝ፤ ይጥራኝ። ተናደደና በበሩ በኩል ያለውን ምሰሶ ጨበጠ። ዘሀራ ማስተማሯን አላቆመችም፤ ከልጆቹም የተነሳ የለም። አንዷ ተማሪሽ ብቻ ጣሪያውን አየት አድርጋ፣ «አባባ ሰይድ፣ እሱ ከተነቀለ የሚወድቀው በእርስዎ በኩል ነው» አለችው። ቀልዷን አይደለም፤ አስልታ ነው። ሰይድ ጣሪያውን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ምሰሶውን ለቀቀ።

እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል። ይመለስ። ሸራው በዝናብ ተቦጫጭቋልና ለበረቱ ያስቀመጥኩትን ቆርቆሮ ለዳሱ ላለብሰው ነው። ከብቶቹ አንድ ክረምት ይታገሱኛል። ቆርቆሮ የለበሰ የለቅሶ ዳስ አይቶ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያፍርሰው።

ሌላው በዓመት አንዴ ሰደቃ አብልቶ ያስታውስሽ። እኔ በየቀኑ ከበሩ ላይ ተቀምጬ፣ የማይገባኝን እየሰማሁ አስታውስሻለሁ። እስትንፋሴ እስካለች ይህ ቦታ ተማሪ አያጣም። አላህ ጀነት ይወፍቅሽ፣ ልጄ።

በይ ዘሀራ፣ አንብቢልኝ። ሰይድን ፈርተሽ ያለዘብሽው ቃል ካለ እንዳልኩት መልሺው።