ሬዚኑ የያዘው ፎርማ

መጋቢት 5፣ ሰኞ
ደባርቅ ዛሬም ጉም ናት። ለቱሪስት የምሸጣቸውን ትንንሽ ዋልያዎች ልሠራ ተቀመጥኩ። ሬዚኑን፣ ደርቆ እንደ መስታወት የሚጠነክረውን ሙጫ፣ ከማድረቂያው ጋር ቀላቅዬ የዋልያ ቅርጽ የተፈለፈለበት ፎርማ ውስጥ አፈሰስኩ፣ መሃሉ ላይ ጦስኝ ጣል አደረግሁ። ባሌ ደምለው እንዳይጣበቅ ፎርማውን ሞራ ነበር የሚቀባው። ሞራ በሁዳዴ? ኧረ አልነካም! የኑግ ዘይት ቀባሁበት። ምን ልዩነት አለው?

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ
ልዩነት አለው። አልወጣ አለ። ዘይቱ ወርዶ ጥግ ላይ ተኝቷል፣ ሬዚኑ ብረቱን ሙጭጭ ብሎ ይዞታል። የቀላቀልኩበት ማንኪያም፣ ብሩሹም እንደዚያው... ሳይደርቅ መጥረግ ነበረብኝ። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈተግሁት። ወይ ፍንክች!
ደምለው አሮጌ ድስት አቅልጦ፣ በእጁ ፈልፍሎ የሠራው ፎርማ ነው። ባሌ ካረፈ ሁለት ዓመቱ። ይኼ ቢሰበር ከእጁ ሥራ ምን ይቀረኛል?

መጋቢት 8፣ ሐሙስ
ፎርማውን ስታገል አይታ ጎረቤቴ ፋንታዬ በአጥሩ ብቅ አለች። "መካኒኩ አሻግሬ ጋራዥ ውሰጂው እንጂ፤ በብረት መፍጫ ድራሹን ያጠፋልሻል።"
ድራሹን! የሬዚኑን ወይስ የዋልያውን?
"ተይኝ በቃ!" አልኳት። ወደ ቤቷ ገባች። ግቢው ጭር አለ። ሰው አባርሬ ሰው ይናፍቀኛል... ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

መጋቢት 11፣ እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ለአባ ተክለ ማርያም ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።
"ልጄ፣ ሞራውን ልትበይው ነበር እንዴ?"
"እርስዎ ይሳቁ አባ። የደምለውን ፎርማ አበላሸሁት።"
ሳቃቸው ጠፋ። "ደምለው... እጁ ወርቅ ነበር" አሉ። ስሙን ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

መጋቢት 12፣ ሰኞ
ማንኪያውን ልጥለው ነበር። እስቲ ብዬ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ሬዚኑ እንደ ጎማ ለሰለሰ፣ በጥፍሬ ተላጠ!
ፎርማውስ? ወጥ የማይሠራበት አሮጌ ድስት ውስጥ ከትቼ ቀቀልኩት። በጨርቅ ይዤ፣ ብረት እንዳይጭረው በእንጨት ጫፍ ጫፉን ፈለቀቅሁ። ቀስ... ቀስ... ጧ! ፎርማው አንድ ጭረት የለበትም።
"ደምለው፣ ወጣ እኮ!" ብዬ ጮህኩ።
ቤቱ ጭጭ።
ለካ ማረፉን ረስቼዋለሁ። ለማን ልንገር? እንባዬን ሳልጠርግ ወደ አጥሩ ሄድኩ።
"ፋንታዬ! ወጣ!"
"እሰይ! እሰይ የኔ እናት!" አለች። አልተቀየመችም። "አሳዪኝ እስቲ!"
"ግቢ" አልኳት።
ከለቅሶው ወዲህ ቤቴ ሰው ሲገባ ይኼ የመጀመሪያው ነው።