ልጄ ስላልፈረመችው የጸጸት ቅጽ

ለተከበሩ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለእንቅልፍዎና ለደም ግፊትዎ መልካሙን እመኛለሁ። እኔ ዘንድሮ የምትመረቀው ተማሪዎ አባት ነኝ፤ ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው።

ልጄ በሥነ ዜጋ ፈተና፣ የማንወደው ሰው እንኳ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው አብራርታ ከክፍሉ አንደኛ ስለ ወጣች ኮሌጅዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ጥቂት ቅሬታዎች ግን አሉኝ።

፩. ትምህርቱ ለፈተና ብቻ መሆኑ አስቀድሞ አልተነገራትም። አንድ የክፍል ጓደኛዋ በተማሪዎች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እሷን የመምህራን ጆሮ ጠቢ ብሎ ሰደባት፤ እግረ መንገዱንም ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ስለሚዘጋ እርስዎን ነካ አደረገ። በማግስቱ ጋዜጣው ተቀደደ። ልጄ ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጽሑፉ ይመለስ ብላ አርባ አንድ ፊርማ ሰበሰበች። ሰድቦሽ የለም እንዴ ብላት፣ «ሰድቦኛልማ አባዬ። ታዲያ መልሱን የት ልጻፍለት?» አለችኝ። ይህን ከቤት አልተማረችውም፤ እኛ ቤት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚወራው።

፪. በዚህ ጥፋቷ የጸጸት ቅጽ ላኩልን። እስከ ዓርብ እሷም እኔም ካልፈረምን ለመመረቂያ ፈተና አትቀመጥም። «የተጸጸተችበት ምክንያት» የሚለው ቦታ አስቀድሞ በታይፕ ተሞልቶ ስለመጣልን፣ ከማሰብ ድካም ስላዳኑን ባለውለታዎ ነን።

፫. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። እስክሪብቶዬን ከፍቼ ነበር። ልጄ አንብበኸዋል ወይ አለችኝ። አላነበብኩትም። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሳላነብ ፈርሜያለሁ፤ እጄ መንገዱን ያውቀዋል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አራት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ወዲያ እጄ እምቢ አለ፤ ሆዴ ግን አሁንም ይፈራል። ለዚህ ምረቃ ሦስት ዓመት ለፍታለች።

፬. አራተኛም ነበረኝ፤ ባለቤቴ ደብዳቤውን አይታ ሰረዘችው።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ተማሪ አስተምረው ስለ ተማረች ለደረሰብዎ ድንጋጤ ጥልቅ ሐዘኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

እስከ ትናንት ድረስ ታዛዥዎ የነበርኩት፣
የተማሪዋ አባት

ማስታወሻ፦ ቅጹን ሳንፈርምበት መልሻለሁ። ፊርማዬን ፍለጋ እንዳይደክሙ፤ ልጄ ባሰባሰበችው ዝርዝር ላይ አርባ ሁለተኛው እኔ ነኝ።