በጾም የጋገርኩት ሥጋ

ይድረስ ለውድ እማማ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የልጅነት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ያመኛል ብለው ነበር። የላክነውን ቅባት ይቀቡታል ወይስ እንደ ልማድዎ ለጎረቤት ሰጡት? ጓሮ ያለው ኮክስ ዘንድሮ አፈራ? የአሰላ ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። እዚህ ቶሮንቶ መጋቢት ገብቶም በረዶው ከመንገድ ዳር አልተነሳም፤ ጠቁሮና ከጭቃ ጋር ተለውሶ ክምር ክምር ብሏል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎ አይቀርም። ሬክስዴል ያለችው ቤታችን ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ናት፤ ሳሎን የተነገረው መኝታ ቤት ይሰማል። ደግሞም ይህን ነገር መነጽርዎን አድርገው፣ ብቻዎን ሆነው፣ ቀስ ብለው እንዲያነቡት ፈለግሁ። ደረጄ የሚባል የመጋዘን ባልደረባዬ ወደ አገር ቤት ስለሚመጣ በእጁ ልኬዋለሁ።

ሔርሞን እንድጽፍልዎ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ምን እንደበላሁ ጻፍላት። ከእማዬ ተደብቄ የበላሁት ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ሌላውን ግን አንዲት ቃል እንዳትጽፍ፤ ሲሻለኝ ራሴ እነግራታለሁ» አለችኝ። እሺ ብያታለሁ። ስለዚህ ስለ ምግቡ ብቻ ነው የምጽፈው።

እማማ፣ ሔርሞን በዚህ ዐቢይ ጾም ሥጋ በልታለች።

ይቺን መስመር ሲያነቡ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይሆናል። በልጅነቷ ጾም ሲያስጀምሯት የክፍል ጓደኞቿ እንቁላል ይዘው ሲመጡ እሷ ቆሎዋን ይዛ ትቀመጥ እንደነበር፣ እርስዎም አስተማሪዋ ስለነበሩ ከሰሌዳው አጠገብ ሆነው በዓይንዎ ያበረታቷት እንደነበር ከተጋባን ጀምሮ ስትነግረኝ ኖራለች። የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ኩሽና ስትሠራ እንኳ፣ ቀኑን ሙሉ ዶሮና አይብ ስትደረድር ውላ ጣቷን ሳትልስ ትመለስ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት በዋዛ ጾም አትገድፍም። ያበላኋት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ከገና በኋላ ምግብ ጠላች። ሽሮ ስጥድ መስኮት ክፈት ትለኛለች፤ ሽንኩርት ማቁላላት ስጀምር መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። በርበሬና ቅመም ያለበትን ዕቃ ሁሉ ጠቅልዬ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። የጎረሰችው ሁሉ ብረት ብረት ይላታል፤ ምላሷም ቆስሏል። ቀሚሶቿ ትከሻዋ ላይ መቆም አቃታቸው። በየሦስት ሳምንቱ የምንሄድበት ቦታ አለ፤ ስለ እሱ አልጽፍም። ብቻ እዚያ ያለችው ነርስ ሚዛን ላይ አቆመቻትና «ክብደትሽ ከዚህ ከወረደ የሚቀጥለውን መድኃኒት ለማዘግየት እንገደዳለን። ሥጋም ይሁን እንቁላል፣ ጉልበት የሚሰጥሽን ነገር ብዪ» አለቻት። ሔርሞን እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን «ጾም ነው፤ አልበላም» አለችኝ።

«ነርሷ ያለችውን ሰምተሻል» አልኳት።

«እማዬ ያለችውንም ሰምቻለሁ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እኔ ከእሷ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ እንደማላውቅ እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ የንስሐ አባታችንን አባ በርናባስን ለመንኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ በአውቶቡስ መጡ፤ ላምጣዎት ብል እምቢ አሉኝ። ከጎኗ ተቀመጡና «ልጄ፣ የምንጾመው ሥጋችን ለነፍሳችን እንዲገዛ ነው። ያንቺ ሥጋ ደግሞ ዘንድሮ የሚችለውን ሁሉ ተገዝቷል። እንደ መድኃኒት ቆጥረሽ ብዪ» አሏት። አለቀሰች። «እናቴስ አባ?» አለቻቸው። «ከእናትሽ ተደበቂ አላልኩሽም» አሏት። ይህ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ ነው።

ፈቃዱ ተገኘ፤ የሚበላው ግን አልተገኘም። ጥብስ ሞከርኩ፣ ሽታው ገና ከድስቱ ሳይወጣ ጠላችው። መረቅ ሠራሁላት፣ ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠግታ መለሰችው። ወተት እንኳ አልሆነም። በዚህ መካከል አንድ ማክሰኞ ኦፌሊያ በራችንን አንኳኳች። ኦፌሊያ የሔርሞን የሥራ ባልደረባ ናት፤ ሜክሲኮአዊት፣ ከሃምሳ ዓመት ያለፈች፣ ስትስቅ ከሊፍቱ የምትሰማ ሴት ናት። በአልሙኒየም የተሸፈነ ሳህን ይዛ ነበር። ኤንቺላዳ ይሉታል። ከበቆሎ የተጋገረ፣ እንደ ስስ ቂጣ ያለ፣ መዳፍ የሚያህል ቶርቲያ የሚባል ነገር አላቸው። የተፈጨ የበሬ ሥጋ ይደረግበትና ይጠቀለላል፤ ቀይ ስጎ ይፈስበታል፤ አይብ ይነሰነስበትና ኦቨን ይገባል። ሔርሞን የአንዷን ግማሽ በላች። እኔ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርቼ ብጠብቅም አልተነሳችም። «ይሄኛው አይሸተኝም» አለች።

እማማ፣ ያን ቀን የተሰማኝን በጽሑፍ መናገር አልችልም።

ኦፌሊያን እስከ ሊፍቱ ሸኘኋትና «አስተምሪኝ» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተ ሻይ ስታፈላ አይቼሃለሁ» አለችኝ። ቢሆንም በስልክ አስረዳችኝ፤ እኔም ሥራ ኦፍ በሆንኩበት ቀን ብሉር የሚባለው መንገድ ወርጄ ከላቲን አሜሪካውያን ሱቅ የሚያስፈልገውን ገዛሁ። የእነሱ በርበሬ ልክ እንደ እኛ ዛላ ነው፤ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ግን አያቃጥልም። ትንሽ አሙቀው ብላኝ ነበር። እኔ አገር ቤት ሲቆላ ያየሁ መስሎኝ ቆላሁት። ቤቱ በጭስ ተሞላ፤ አላርሙ ጮኸ፤ ሔርሞን ብርድ ልብስ ተከናንባ በረንዳ ላይ ቆማ ስታስል ከላይ ያሉት ጎረቤቶች አንገታቸውን አወጡ። ፎጣ እያራገብኩ አላርሙን ዝም ካስባልኩ በኋላ አስገባኋት። «ተወው በቃ፣ ራስህን አታድክም» አለችኝ።

«አልተወውም» አልኳት። እንደዚያ በቁርጥ ቃል አናግሬያት አላውቅም።

ዓርብ ዕለት እንደገና ጀመርኩ። ይህን ጊዜ በርበሬውን አልቆላሁትም፤ በፈላ ውሃ ዘፍዝፌ ከነጭ ሽንኩርትና ከከሙን ጋር ፈጨሁት። ስጎው ውሃና ዘይት ብቻ ስለሆነ የጾም ነው፤ ስለዚህ እየቀመስኩ አስተካከልኩት። ችግሩ ሥጋው ላይ መጣ። እኔ ጿሚ ነኝ፤ ጨው ይብቃው አይብቃው በምን ልወቅ? ስጠቀልልም ቶርቲያው እንደ ደረቅ ቅጠል እየተሰነጠቀ ሥጋው ትሪው ላይ ተዘረገፈ። ኦፌሊያ በዚያው ሰዓት ከሥራ ስትወጣ መጣች። ትሪውን አየችና «ይሄ ምንድን ነው? አደጋ የደረሰበት ነው?» አለች። ቀጥላም «መጀመሪያ ዘይት ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገህ ካላለሰለስከው እንዴት ይጠቀለልልሃል!» ብላ ተቆጣችኝ።

እኔም የሚቀምስልኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ በማንኪያ ሥጋ አቀረብኩላት። እጇን አወናጨፈች። «ዛሬ እኮ ዓርብ ነው! በእኛ በካቶሊኮች ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አልበላም» አለች። ተያየን። ከሶፋው በኩል ድምፅ ሰማን። ሔርሞን ነበረች፣ እየሳቀች። «ሁለት ጿሚዎች ተሰብስባችሁ ሥጋ ትቀቅላላችሁ!» አለች። ከገና ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ ጭቃ የመሰለ ምግብ ትንሽ በላች፤ አልረጋላትም እንጂ። ማታውን ታጥባ ተኛች፤ እኔም ትሪውን ፈትጌ አጠብኩና ለእሁድ ተዘጋጀሁ።

እሁድ ደብረ ዘይት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ነጠላዬን አውልቄ ገባሁበት። ኦቨኑን ቀድሜ አሞቅሁ። ሥጋውን ብቻውን አበሰልኩ፤ ሽንኩርት ሔርሞን ስለማትችለው ተውኩት፤ ጨውን ግን በግምት እፍኝ ሳይሆን በጣቴ ጫፍ ጨመርኩ። ቶርቲያዎቹን አንድ በአንድ በዘይት አለሰለስኩ፤ ስጎ ውስጥ ነከርኩ፤ ሥጋውን ሞልቼ ጠቀለልኩ። መጋጠሚያቸው ወደ ታች መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ይፈታሉ። ጎን ለጎን ጥብቅ አድርጌ ደረደርኳቸው፣ የቀረውን ስጎ አፈሰስኩ፣ አይቡን ነሰነስኩ፣ ሽታ እንዳይወጣ በአልሙኒየም ሸፍኜ ኦቨን አስገባሁ። ኦፌሊያ በእነሱ ከተማ ኦቨን እንደማያስገቡት፣ እንዲህ መጋገሩን እዚሁ ካናዳ እንደለመደችው ነግራኛለች። ሰው በደረሰበት አገር የሚለምደው ነገር አያልቅም።

ሳወጣው አይቡ ቀልጦ ዳር ዳሩ ይንተከተክ ነበር። አንድም አልተፈታም።

ሔርሞን ጠረጴዛው ጋ መጣች። ሶፋው ላይ አመጣልሻለሁ ብላት እምቢ አለች። ቆማ አማተበች፣ «እማዬ ይቅር በይኝ» አለች፣ ከዚያ ተቀመጠች። እኔ እንዳላፈጥባት ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። የሹካዋን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። ይቆማል፤ እኔም ሳህኑን ይዤ እቆማለሁ። ይቀጥላል። በመጨረሻ «ሥጋው ጨው ጎድሎታል» አለችኝ።

እማማ፣ ይህ ለእርስዎ ተራ ነገር ይሆናል። ለወራት ጨውና ስኳር የማይለይላት ሴት ጨው ጎደለ አለች! ዞሬ ሳያት ሳህኑ ባዶ ነበር። «ልጨምርልሽ?» አልኳት። «ጨውን ነው ወይስ ምግቡን?» አለችኝ። ሁለቱንም ጨመርኩላት።

ከዚያ ወዲህ እሁድና ረቡዕ እጋግራለሁ። ረቡዕ ከዐቢይ ጾም ውጭም የሚጾም ቀን መሆኑን አባ በርናባስም ያውቃሉ፤ ፈትተዋታል። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ወደ ኩሽናው ነው። የመጋዘን ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እሷም አሁን ወንበር ላይ ተቀምጣ አይቡን ትፈቀፍቃለች፣ ታርመኛለች፣ ትቆጣኛለች። ባለፈው ሳምንት ነርሷ ዘንድ ስንሄድ ሚዛኑ አልወረደም፤ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሏል። መድኃኒቱም በቀኑ ተሰጣት። የቀሩት ጥቂት ናቸው። እስከ መጨረሻው በቀን በቀኑ እንድትወስድ አደርጋለሁ፤ ኤንቺላዳ ከሰለቻት ሌላ እማራለሁ፣ እሱም ከሰለቻት ሌላ። በዚህ አይጠራጠሩኝ።

እንግዲህ ያዘዘችኝን ጽፌያለሁ፤ ያልታዘዝኩትን አልጻፍኩም። እርስዎ ግን አርባ ዓመት የተማሪ ጽሑፍ ያነበቡ ሰው ነዎት።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። በሚቀጥለው ስንደውል ካሜራውን ክፈቺ ብለው አያስጨንቋት። ምን ሆነሽ ነው ብለውም አይጠይቋት። ጾሙን በተመለከተ ከአፍዎ አንዲት የምርቃት ቃል ትስማ፤ ከአባም ከእኔም ቃል ይልቅ የምትጠብቀው የእርስዎን ነው። ከዚያ እንደ ዱሮው «ልጄ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» ይበሏት። የቀረውን ያን ጊዜ ራሷ ትነግርዎታለች። ስትነግርዎ ደግሞ፣ እባክዎ እማማ፣ ስልኩን እስክንዘጋ ድረስ አያልቅሱ።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልን፤ ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ። ጸሎትዎ አይለየን።

የልጅዎ ባል፣ ልጅዎ