ከመጣፊያው ሥር

ይድረስ ለእማማ፤

ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልዎ ወይስ አሁንም ግድግዳውን እየተደገፉ ነው? የላኩትን ሹፌር ስጠይቀው ደህና ናቸው፣ ጨው ብቻ ነው የተከለከሉት አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ በወረቀት መምጣቴ አይግረምዎ። ቀድመው የላኩብኝ እርስዎ ነዎት።

መኪናዋ ተጎትታ ደርሳለች። ሹፌሩ ሌላ ቤት እንዳይወስዳት፣ እኔ ዘንድ ብቻ እንዲያመጣት አጥብቀው እንዳዘዙት ነገረኝ። መልእክትዎንም አንድ ሳያጎድል አደረሰ። ውስጧ ይታደስ፣ መልኳ ግን እንዳይጠፋ፣ አባባ ቢነሱ «ይቺማ የኔዋ ናት» ብለው እንዲገቡባት። እኔም ይሁን አልኩ። የሰው ሥራ አልመልስም፣ የእርስዎን ደግሞ እንዴት ብዬ።

ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። የዘንድሮ ደንበኛ አሮጌ መኪና ይዞ ይመጣና ቀይና ጥቁር አድርጊልኝ ይላል፤ ስትወጣ ጭፈራ ቤት ትመስላለች። በእርስዎዋ ላይ እንዲህ ያለ ግፍ አልሠራሁም። የጣሪያውን ጨርቅ አውርጄ በእጄ አጠብኩ። የዛጉትን ሞላዎች ብቻ ለወጥኩ። ስፖንጁ እንደ ከረመ ዳቦ ስለሚፈረፈር እሱን ጣልኩ፤ በልኩ ሌላ ቀረጽኩለት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ስንጥቅ እንኳ እንዳትሰፋ ደፈንኳት እንጂ አልደበቅኋትም። መተርኮሻው ውስጥ ሰባት የሲጋራ ቁራጭ አገኘሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲጋራ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ እያሉ ይምሉልን አልነበር? ብቻዬን ሳቅሁ። እስከዚያ ድረስ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር።

የፊት ወንበሮቹን ልብስ የሰፋሁት እኔ እንደሆንኩ አይረሱም። ቤትዎ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ለአባባ ስጦታ ብዬ። የተረፈውን የቆዳ ቁራጭም ምናልባት አንድ ቀን ቢቀደድ ብዬ ጠቅልዬ ሰጠሁዎት፣ ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ከተቱት።

አሁን ሳየው የአባባ ወንበር ጀርባ ንጹሕ ነው። የጎኑ ወንበር ጀርባ ግን በጫማ ጫፍ ተደብድቧል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ላይ ላይ ያሉት ምልክቶች ጥቃቅን ናቸው፤ ወደ ታች ሲወርዱ እየተለቁ ይሄዳሉ። ትንሽ ልጅ እግሩ ቀጥ ብሎ ስለሚዘረጋ ከፍ አድርጎ ይመታል፣ ሲያድግ ይንጠለጠልና ዝቅ ይላል። አንድ ልጅ ነው፣ ለዓመታት። የጎረቤት ልጅ ይሆናል አልኩ። አባባ ልጅ ይወዱ ነበርና ክፉ አላሰብኩም።

ከምልክቶቹ በላይ መዳፍ የምታህል መጣፊያ አለች። ያቺው የሰጠሁዎት ቁራጭ ናት፣ በእጅ የተሰፋች። ስፌትዎን የትም አውቀዋለሁ፤ ክሩን ደርበው ምስር የሚያህል ቋጠሮ ካላበጁ መርፌ አያነሱም። አስተካክዬ ልመልሳት ብዬ ተረተርኳት።

ከሥሯ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ገና መጻፍ የለመደ ልጅ እንደሚያደርገው ተጭና ተጭና፣ ስሟን ሦስት ጊዜ ጽፋዋለች። ደብተር ላይ እንደሚደረገው የአባቷንም ስም አስከትላለች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ስም ግን አሥር ዓመት ሙሉ ስጠራው ኖሬያለሁ።

መርፌዬን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ዓመቱን ደጋግሜ ቆጠርኩ። ሹፌሩ እንዳለኝ፣ አባባ ካረፉ ጀምሮ መኪናዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሸራውን አልብሰን ገመዱን ያሰርነው እኔና እርስዎ ነን፣ ያኔ ገና ምራትዎ ነበርኩ። ፍቺው የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ልጅቱ ፊደል ቆጥራ ስሟን ስትጽፍ እኔ ጓዳዎ ውስጥ ነበርኩ ማለት ነው።

እማማ፣ በእነዚያ ዓመታት እንድወልድ ብለው ከሐኪም ሐኪም ሲያዞሩኝ በታክሲ ነበር። መኪናዋ ውኃ ታፈሳለች፣ ከከተማ መሀል ትቆምብናለች ይሉኝ ነበር፣ እኔ ቂሏም አመንኩ። ደሜን ስንት ጊዜ ቀዱት፣ ስንት ዓይነት ኪኒን ዋጥኩ። ልጅዎ ግን አንድም ቀን አልተመረመረም። እሱም ይታይ እንጂ ስልዎ፣ እሱ ምን ያስፈልገዋል አሉኝ። አሁን ገባኝ። እውነትም አያስፈልገውም ነበር።

ከሁሉ የከፋብኝ የአባባ ነው። ማታ ማታ ልጄ፣ ራት በላሽ ወይ እያሉ የሚጠይቁኝ ሰው፣ በዚያው ቀን የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ አድርሰው የተመለሱ ይሆናል። እሳቸውን እንኳ ተዉልኝ እንዳልል ጫማዋ ከጎናቸው ነው ያለው።

ልጅቱን አልተቀየምኳትም። ሹፌሩ ጋ ደውዬ በዘዴ ጠይቄው አሥራ ሦስት ዓመቷ እንደሆነ፣ ከእርስዎ ጋር እንደምትኖር፣ በትምህርቷም ጎበዝ እንደሆነች ነግሮኛል። ጥፋቷ ወንበር ላይ መጻፏ ብቻ ነው። መልኳ እንዳይጠፋ ብለው አዘው የለ? መጣፊያዋን አልመለስኳትም። የመርፌዎን ቀዳዳዎች በሰም ደፈንኩ፣ ቆዳውን ቅባት አጠጣሁት፣ ጽሕፈቷን አልነካሁም። አሁን ከኋላ የተቀመጠ ሁሉ ያነበዋል።

ለምን ወደ እኔ እንደላኳት ሳስብ ሰነበትኩ። ረስተው ነው እንዳልል፣ እርስዎ የጠፋ ቁልፍ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠይቁ ሰው ነዎት። እንዳውቅ ፈልገው፣ በአፍዎ መናገሩ ግን ከብዶዎት ይሆናል። ከሆነ አልቀበልዎትም። ስፌት ተርትሬ ያገኘሁት ኑዛዜ አይበቃኝም።

ከቤትዎ በወጣሁበት ቀን፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጉልበትዎ ላይ ወድቄ የልጅ ልጅ ሳላሳይዎት በመሄዴ ይቅር ይበሉኝ ብዬዎት ነበር። እርስዎም ፀጉሬን እየዳበሱ፣ እያለቀሱ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አሉኝ። ይኸው ስድስት ዓመት በዚያች ይቅርታ እየተጽናናሁ ኖርኩ።

ሹፌሩን አይላኩት፣ ቁልፉን አልሰጠውም። እርስዎ ራስዎ ይምጡ። የኋላውን በር እኔ እከፍትልዎታለሁ፣ ደግፌም አስገባዎታለሁ። ከፊትዎ ያለውን ካነበቡልኝ በኋላ ያን ቀን የሰጡኝን ይቅርታ መልሼ ልስጥዎ። ለእኔ የሚገባ አልነበረም።

እስኪመጡ ድረስ እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ለልጅቱም ዕድሜ ይስጥልዎ።

በቤትዎ አሥር ዓመት ምራት የነበርኩት