ረጅም ፀጉር ያላት ሴት

ለእማዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ያስወጣሻል? ምግብ ይወርድልሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? እኔ ደህና ነኝ። ትንሿ ልጅሽ ድንቡሼም ደህና ናት፤ ከመብላትና ከመውደቅ ሌላ ሥራ የላትም። ባለፈው ሳምንት ግንባሯ ላይ እብጠት አወጣች፤ ቀንድ ሊበቅልብሽ ነው ብያት እስከ ማታ መስታወት ፊት ቆማ ስትጠብቅ ዋለች።

ይህን የምጽፈው ጎሚስታው ቤት፣ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው። ጎሚስታውን አታውቂውም። ከእናታቸው ጋር ለማይኖሩ ልጆች «ታላቅ ወንድም» እየፈለገ የሚመድብ ድርጅት አለ። ለአንዱ ልጅ መሐንዲስ ደረሰው፣ ለአንዱ ባለሱቅ፣ ለእኔ ደግሞ ጎማ ነፊ። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ ጎማ እፈታለሁ፣ እሱ ምክር ይነፋብኛል። ዛሬ ስለ አንቺ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ አንተ ልጅ አፍህ ፍሬን የለውም፣ በአፍህ ያበላሸኸውን በአፍህ አታቃናውም፣ ጻፍላት አለኝ። ወረቀቱንም የሰጠኝ እሱ ነው፤ ጥቁር ጥቁር ያለው የጣቱ ቅባት ነው፣ የእኔ አይደለም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ማቋረጤን ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ጽሕፈቴን ታግሠሽ አንብቢ።

አሳዳጊያችንን በስልክ አናግረሻቸዋል። እኔ «ኮሎኔሏ» ነው የምላቸው። ከኋላቸው እንዳይመስልሽ፣ ፊት ለፊት ነው፤ እሳቸውም፣ እሺ ወታደር፣ ሳህኑን እጠብ ይሉኛል። ቀን ቀን የሰፈሩን ሕፃናት ይይዛሉ፣ እናቶቻቸው ሥራ ስለሚውሉ። ስለዚህ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ለቅሶና የሽንት ጨርቅ ነው። ማታ እናቶቹ መምጣት ሲጀምሩ ደወል በተደወለ ቁጥር አንዱ ሕፃን «እማዬ» እያለ ወደ በሩ ይበራል። ድንቡሼም ጫማዋን በግራ በቀኝ አዛብታ ታደርግና ከእነሱ ጋር ትሰለፋለች። ሁሉም ተወስደው ሲያልቁ እሷ ቆማ ትቀራለች። እኔ በጓሮ በር እወጣና፣ ዞሬ ደወሉን እደውላለሁ፤ ገብቼ፣ ልጄን ልወስድ መጥቻለሁ እላለሁ። ኮሎኔሏም ጃኬቷን አልብሰው ያስረክቡኛል። አቅፌ እወስዳታለሁ፣ እስከ ማድ ቤት ድረስ።

አንቺ ልትጠይቂን ነው በተባለበት ሳምንት መምህር ሆንኩ። መማር እንጂ ማስተማር አይከብደኝም። ድንቡሼ ካንቺ ስትለይ ገና ትድህ ስለነበር ፊትሽን አታውቀውም። ፎቶም የለንም። ስለዚህ፣ እማዬ ማለት ረጅም ፀጉር ያላት ሴት ናት፣ እሷ ስትገባ ሮጠሽ እግሯን እቀፊና «እማዬ» በይ ብዬ አስተማርኳት። የኮሎኔሏን ጥቁር ሻርፕ ራሴ ላይ አስሬ፣ ወደ ጀርባዬ ለቅቄው፣ ወገቤን እያወዛወዝኩ በበሩ እገባለሁ። እሷ ሮጣ ታቅፈኛለች። ብስኩት እሰጣታለሁ። ኮሎኔሏ አንድ ጊዜ ቆመው አይተውን፣ እናትህ በሕመሙ ተለውጣለች፣ ልጅቷን እሱን ንገራት ብለውኛል። ሰምቻቸዋለሁ። ግን አንቺን ሳስብሽ ፀጉርሽ እንደ ድሮው ነው፤ ሌላ ዓይነት አድርጌ ላስብሽ አልቻልኩም።

ከዚያ የሆነውን አንቺም አይተሻል፣ ግን በእኔ በኩል ልንገርሽ።

የመጠየቂያውን ክፍል ታስታውሺዋለሽ፤ ግድግዳው ላይ ዳክዬዎች ተስለዋል፣ አንዷ ዳክዬ ፂም ወጥቶላታል (እኔ አይደለሁም፣ ስደርስ ነበራት)። ለአንቺ በሩን ልትይዝልሽ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ቀድማሽ ገባች። ፀጉሯ እስከ ወገቧ ነው። ድንቡሼ ሮጠች፣ እግሯን አቀፈች፣ «እማዬ» አለች፤ አንዲት ነገር ሳታጎድል፣ እንዳስተማርኳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ ብስኩቴስ አለችኝ።

እኔም ሳቅኩ።

አንቺ ከሠራተኛዋ ኋላ ቆመሽ ነበር። እጅሽን አንስተሽ ራስሽን ስትነኪ አይቻለሁ፣ አጭሩን ፀጉር። ያኔም አላቆምኩም። በዚያች በሕፃን ወንበር ላይ ጉልበትሽ አገጭሽ ጋ ደርሶ ስትቀመጪ ደግሞ፣ ወንበሩ ነው ያደገው ወይስ አንቺ ብዬ ቀለድኩብሽ። ፈገግ አልሽልኝ። ፈገግ ባትዪ ይሻለኝ ነበር። ድንቡሼ አሻንጉሊቱን ሁሉ ለሠራተኛዋ ስታመላልስ፣ አንቺ ባዶ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ታዪያት ነበር። ሰዓቱ ሳያልቅ ተነሣሽ። በሩ ላይ ለሠራተኛዋ በዝግታ፣ ልጆቹ ያሉበት ቤት ተስማምቷቸዋል፣ እኔ ለምን አደናግራቸዋለሁ አልሻት። ጆሮዬ ለትምህርት እንጂ ለወሬ ደንቆሮ አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣሽም። ከዚያ ቀጥሎም አልመጣሽም። አሁን ሠራተኛዋ እንደምትለው፣ ለሁልጊዜው ኮሎኔሏ ዘንድ ይሁኑልኝ ብለሻል። ሐሳብሽን ካልለወጥሽ ከመጪው ቅዳሜ በኋላ ውሳኔው ይጸናል አለች።

እማዬ፣ ኮሎኔሏ ክፉ አይደሉም። ይወዱናል፣ እኔን እንኳን ይወዱኛል፣ እሱ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። ነገሩ እሱ አይደለም። በአንቺ አልሳቅኩም። ስፈራ ሳቅ እንደ ማስነጠስ ይቀድመኛል፤ አምቡላንሱ አንቺን ሊወስድ የመጣ ዕለት ስስቅ ጎረቤቶች ምን ዓይነት አውሬ ነው የወለደችው ሲሉ አልሰማሽም? አንቺ ብቻ ነበርሽ ምን እንደሆነ የገባሽ። የዳክዬዎቹ ክፍል ውስጥም የሚገባሽ መስሎኝ ነበር።

ግን ያሳፈረኝ ሳቁ ብቻ አይደለም። ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሳልስምሽ ገባሽ፣ ሳልስምሽ ወጣሽ። ያን ሁሉ ቀን ድንቡሼን ሳሠለጥን እኔ ምን እንደማደርግ አላሠለጠንኩም። አሁን ሌሊት ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ጎማ እየፈታሁ ትዝ ይለኝና ጆሮዬ ይግላል። ጎሚስታው ሙቀቱ መስሎት ውሃ ያቀብለኛል።

ሌላው ደግሞ ድንቡሼ ናት። ከዚያ ወዲህ ስላንቺ መጠየቅ አላቆመችም። ብስኩት አልሰጠኋትም፣ በኮሎኔሏ እምላለሁ። እማዬ ልብስ ስታጥብ አሁንም ያንኑ ዜማ ከመሀሉ ጀምራ ታፏጫለች ወይ ትላለች። መብረቅ ሲመታ አሁንም አልጋ ሥር ትገባና፣ ፈርቼ አይደለም፣ ጌጤ ወድቆብኝ ነው ትላለች ወይ ትላለች። ሾርባው ሲያር በእሳቱ ታላክካለች ወይ። መስኮቱ ሥር የነበረው ፍራሽ እዚያው አለ ወይስ ለሰው ተሰጠ ትላለች። ባለፈው ደግሞ ምን አለችኝ መሰለሽ፣ እናት ከጠላች አንዱን ልጅ ብቻ ነው የምትጠላው ወይስ ሁለቱንም አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ሕፃን ናት፣ አያልቅባትም። መልሱን አንቺው ራስሽ ንገሪያት።

ቅዳሜ ነይ። ድንቡሼን ምንም አላስተማርኳት፣ አላስተምራትምም። «እማዬ» ላትልሽ ትችላለች፤ እኔ ኋላ ተደብቃ በአንድ ዓይኗ ብታይሽም አይክፋሽ፣ መጀመሪያ ጎሚስታውንም እንዲሁ አድርጋዋለች፣ አሁን ትከሻው ላይ ነው የምትውለው። ሠራተኛዋን፣ እባክሽ በዚህኛው ከኋላዋ ግቢ ብዬ ለመንኳት። በሩን ማን ይይዝላታል አለችኝ።

እኔ አልኳት።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የምትውጪው ሁሉ መድኃኒት ይሁንሽ። መንገዱን ያቅናልሽ፣ አውቶቡሱም ወንበር አይንሳሽ። ፀጉርሽ ይደግ፤ ባያድግም ግድ የለም፣ አሁን አውቄዋለሁ።

የመጀመሪያው ልጅሽ