ለኤግዚቢሽን የሰፋሁት ድሪቶ

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ መራዊ ከተማ።

እንደምን ከረምሽልኝ? ባልሽስ ደህና ነው? ልጆችሽ ክረምቱን ከጉንፋን ተርፈው ወጡ? ያ በክረምት እየተነሣ እግርሽን የሚያሳብጥሽ ነገር ዘንድሮም እንዳይመለስብሽ ስሰጋ ሰነበትሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት ጉልበቴን ያመኛል፤ ዓይኔም የመርፌ ቀዳዳ ላይ ይደክማል፤ ሌላው ደህና ነው።

ይህን ስታነቢ «ለእታለም ደግሞ ማን ጻፈላት?» ማለትሽ አይቀርም። ማንም አልጻፈልኝም፤ እኔው ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድም የራሴ ነው። አምና በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ገብቼ፣ የልጅ ልጄ ልትሆን በምትችል አስተማሪ ፊት ሀ ሁ ብዬ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። ለአንቺ አልነገርሁሽም። የክንዱ ደብዳቤ ከጦር ግንባር ሁልጊዜ በባልሽ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን እየመጣ፣ አንቺም አውቶቡስ ተሳፍረሽ እያመጣሽ ስታነቢልኝ፣ የልጄን ነገር በሰው አፍ መስማት መሮኝ ነበር። አንድ ቀን ወረቀቱን ከእጅሽ ተቀብዬ ራሴ አንብቤ ላስደንቅሽ ነበር ያሰብሁት። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ የድሪቶውን ነገር ልንገርሽ።

በሰኔ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ እሌኒ ሰበሰበችን። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ኤግዚቢሽን እያንዳንዷ አባል ከእራፊ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሰፍታ ትወዳደር አለች። ደንቡ ጥብቅ ነው። አዲስ ጨርቅ መግዛት ክልክል፤ ባሎቻቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩትም ከዚያ ቁርጥራጭ ማምጣት ክልክል፤ በየሣጥናችን ከተጠራቀመው ብቻ። መስከረም ሁለት ቀን ደግሞ እያንዳንዷ አዳራሽ ውስጥ ከሥራዋ ጎን ቆማ፣ የትኛው እራፊ ከምን እንደተቆረጠ ለሕዝብ ታስረዳለች። ጎረቤቴ የብርጓል ከኋላዬ ተቀምጣ «ድሮ ድሪቶ የሚለብስ ለማኝ ነበር፤ ዛሬ ሊሸለም ነው! ዘመን የማያሳየው የለ!» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀችው። ጓድ እሌኒ ማን ነው የተናገረው ብትል ሁላችንም ጣራ ጣራውን አየን።

የእኔን ሣጥን ታውቂዋለሽ፤ የእናታችን ነው። ከፍቼ ወለሉ ላይ ዘረገፍሁት። የአባታችን ካኪ ኮት እጅጌ፣ ከእናታችን ቀሚስ የተረፈ ጥለት፣ መሐሉ ያለቀ አቡጀዲ አንሶላ፣ ካንቺ ሠርግ የቀረ ሰማያዊ ቁራጭ። ከድሃ ሣጥን የሚወጣ እራፊ ቀለሙ ሁሉ አፈር አፈር ይላል። አንድ ዕድሜ ሙሉ ይጠቅማል እያልሁ ያስቀመጥሁት ይኸው ነው ለካ አልሁ። በስንዝር እየለካሁ ቆረጥሁት። ስሱን ከወፍራሙ ጋር እንዲያው ካጋጠሙት በመጀመሪያው አጠባ ስሱ ይተረተራል፤ ስለዚህ ስሱን ሁሉ ከሥሩ አቡጀዲ ደረብሁለት። ከጀርባ የዱቄት ከረጢት አደረግሁ፤ ሦስት ጊዜ ባጥበውም ጽሑፉ አልለቀቀም። መሐል ለመሐል ባዘቶ አነጠፍሁ፤ ባዘቶው እንዳይሸሽ ሦስቱን ደርብ አንድ ላይ በመርፌ እየወጋሁ አያያዝሁት። ጣቴ እስኪደማ ሰፋሁ። እጄ ሥራ ከያዘ ራሴ ያርፋል ብዬ ነበር፤ አላረፈም።

አንድ ስህተት ሠራሁ። ከመሐል መጀመር ሲገባኝ ከዳር ጀምሬ ወደ ውስጥ ሰፋሁ። እራፊዬ አለቀና መሐሉ ላይ የሰው ደረት የሚያህል ክፍት ቀረ። ሣጥኑ ውስጥ ያልቆረጥሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የክንዱ ሸሚዝ፣ ያ ነጩ፣ አረንጓዴ መስመር ያለው። ከዘመተ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ በየፋሲካው እያወጣሁ፣ አጥቤ ተኩሼ መልሼዋለሁ። መቀሱን ሳነሣ የብርጓል እቤቴ ነበረች።

«ኧረ አንቺ ሴት! ልጁ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?» አለችኝ።

«ወታደር ቤት ትከሻ ያሰፋል፤ አይበቃውም» አልኋት።

ቀና ብዬ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ጭሱ ነው አለችኝ። እሳት አልተነደደም። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚያውቅ ገባኝ።

እኔማ ከግንቦት ጀምሮ አውቄአለሁ።

የግንቦት ልደታ ዕለት የመጣሽውን አስቢው። ጥቁር ለብሰሽ ነበር፤ የባሌ አክስት ዐረፈች አልሽኝ። ገና ሳትቀመጪ ከቦርሳሽ ወረቀት አወጣሽና ማንበብ ጀመርሽ። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬአለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።» እኔ ውሃ ይዤልሽ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ወረቀቱን አየሁት፣ እህቴ። ከላይ የመሥሪያ ቤት ስም በትልቁ ታትሞበታል። ከሥሩ በታይፕ «ጉዳዩ፦ የመኪና ጎማ ስለመጠየቅ» ይላል። የተሳሳትሁ መስሎኝ ፊደል በፊደል ደግሜ አነበብሁት። ጎማ ነው። የአራት ጎማ ጥያቄ፣ ለባልሽ መሥሪያ ቤት የተጻፈ።

«መጨረሻውን እስቲ ድገሚልኝ» አልሁሽ። ደገምሽልኝ። ቅድም ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ ያለው ልጅ፣ ሁለተኛ ስታነቢው የብርጓልን ሰላም በሉልኝ አለ። ድምፅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በጥምቀት ያነበብሽልኝስ? በሁዳዴስ? የቱን እሱ እንደጻፈው፣ የቱን አንቺ እንደፈጠርሽው ቁጭ ብዬ ለመለየት ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ልጄ የላከልኝ የመጨረሻ ቃል የትኛው እንደሆነ አላውቀውም። በአንቺ ያዘንሁት ከሁሉ በዚህ ነው።

ለምን ያን ጊዜውኑ አልጮህሽም ትይኝ ይሆናል። ውሃውን ሰጠሁሽ። ምሳ አቅርቤ አበላሁሽ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁሽ፤ በመስኮት እጅሽን ስታወዛውዢም አወዛወዝሁልሽ። ከዚያ ወዲህ እናንተ ስትደብቁኝ፣ እኔም ማወቄን ስደብቃችሁ ሦስት ወር አለፈ። ደከመኝ። ልቧ አይችልም ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔን ልብ ማን ለካው? አንቺ በባልሽ አክስት አሳበሽ ጥቁር ለብሰሽ ለልጄ አለቀስሽለት። እኔ እናቱ ነጭ ነጠላ ለብሼ ገበያ እወጣለሁ፤ ሠርግ ሲጠሩኝ ሄጄ እልል እላለሁ። መርዶ ያልተነገረው ሰው በምን ብሎ ያልቅስ? ለነፍስ አባቴ ብቻ ተናገርሁ፤ ፍትሐት ያደርሱለት እንደሆነ ለመንኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ዘመድ መጥቶ ሳያረዳሽ በመኪና ጎማ ወረቀት ፍትሐት አይደረግም» አሉኝ። ሊያስቁኝ አስበው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን እውነታቸውን ነው።

ሸሚዙን ቆረጥሁት። ደረቱ ክፍቱን ልክ ሞላው፤ ኪሱን ሳልነቅል ሰፋሁት። ባለፈው ሳምንት ጓድ እሌኒ ለቁጥጥር መጥታ ድሪቶውን አገላብጣ አየችና ከቀበሌው አንደኛ ይኸው ነው አለች። ከዚያ ጣቷን ኪሱ ላይ አድርጋ የማን ነው ብትለኝ የልጄ የዘማቹ ነው አልኋት። «ግሩም ነው እማማ! በበዓሉ ቀን በማይክሮፎን ይህንኑ ይናገሩ። ልጄ ግንባር ላይ ነው፣ በድል ሲመለስ ይህን ለብሶ ይተኛል ይበሉ» አለችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ዘንድሮ ከሌላ ቀበሌ ተዛውራ የመጣች ናት፣ አልሰማች ይሆናል። አብራን የነበረችው የብርጓል ግን ወጥታ ሄደች።

እህቴ፣ ይህን ማለት አልችልም። ሦስት ወር ዝም ብያለሁ፤ ዝምታ ሌላ ነው። ሕዝብ ፊት ቆሜ፣ ሸሚዙን እያሳየሁ፣ ልጄ ይመጣል ማለት ግን ከአፌ አይወጣም። አልናገርም ብል ለምን ይሉኛል። አልቀርብም ብልም ለምን ይሉኛል።

ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ነይ፤ ጳጉሜን ሳይገባ ቢሆን ይሻላል። ደግሞ እንደ ወጉ ነይ። ባልሽንና ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ፣ የብርጓል ቤት አድራችሁ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። እኔ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እከፍትላችኋለሁ። አይታወቅብኝም ብለሽ አትስጊ፤ ጩኸቱ ከግንቦት ጀምሮ ደረቴ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሲወጣ አዲስ ነው። አንቺም በሰው ፊት አታፍሪም። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ገና ነኝ። አብረን ካለቀስን በኋላ የሚሆነውን እናያለን። አንድ ነገር ብቻ ለምንሻለሁ። ከጦሩ የመጣው ወረቀት እጅሽ ላይ ካለ ይዘሽልኝ ነይ፤ ራሴ አነበዋለሁ። ከጠፋብሽም ቀኑን አስታውሰሽ በትክክል ንገሪኝ፤ ለተዝካሩ ያስፈልገኛል። ካላስታወስሽው አላስታውሰውም በይኝ። እባክሽ ቀኑን ከራስሽ አትፍጠሪው።

የወለድሻቸውን ያሳድግልሽ። ካንቺ ቀድሞ የሚሄድ አይኑርብሽ። እግርሽንም ይማርልሽ፤ መንገዱ ጭቃ ነውና ስትመጪ ተጠንቀቂ።

ታላቅ እህትሽ፣
የክንዱ እናት