በቼርድ መስቀል ላይ የተጻፈው

ቴርስኼሊንግ ደሴት፣ ሆላንድ፣ ሰኔ 1917 እ.ኤ.አ.

ባሬንድ ወዳጄ፣

ትናንት ቀብር ላይ ነበርኩ። እዚህ ባሕሩ የእንግሊዝንም የጀርመንንም መርከበኛ ሬሳ እያመጣ ይተፋል፤ የደሴቲቱ ሰውም ጎን ለጎን ይቀብራቸዋል። መስቀላቸው ላይ «ለአገሩ ተሰዋ» ይላል፤ ቆንስሎቻቸውም አበባ ይልካሉ።

የትናንቱ ሟች ግን የኛው ዓሣ አጥማጅ ቼርድ ነው። መረቡን ሲስብ የባሕር ፈንጂ አብሮ ወጥቶ ጀልባው ላይ ፈነዳበት። መስቀሉ ላይ «ባሕር ወሰደው» ተብሏል።

ሚስቱ ሬንስከ ይህን አንብባ ጽሑፉን ወዳስጻፈው የደሴቲቱ ከንቲባ ዞረች። «ጌታዬ፣ ባሕሩ ምን አደረገ? ባሌን የገደለው ፈንጂ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ፈንጂ ብዬ ብጽፍ ግን የማን ፈንጂ ነው እባላለሁ። እኛ ሆላንዶች በዚህ ጦርነት ገለልተኞች ነን።»

«ለእንግሊዙም ለጀርመኑም አልቅሻለሁ» አለችው። «የኔን ባል ግን ማን እንደገደለው እንኳ መጠየቅ ተከለከልኩ።»

ከንቲባው ባርኔጣውን አጥልቆ ሄደ።

እኛ ደግሞ እዚያ ከተማችን ዴቨንተር ለድንች ተሰልፈን «ተመስገን፣ ጦርነቱ አልነካንም» እንባባላለን።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ልጆችህን ሳምልኝ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስና፣ ከቼርድ ያዘዘችው ደረቅ ዓሣ እንደማይመጣ ንገራት። ለምን ካለችህ ባሕር ወሰደው በላት።

ላመርት